መነጽርዎ ላይ ስላረፈው ምራቄ

ይድረስ ለተከበሩ የምርት ጥራት ፍተሻ መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ፣ ካሉበት።

ከሁሉ በፊት እንዴት ሰነበቱልኝ? ደረትዎ ደህና ነው? ጉሮሮዎን አይከረክርዎትም? ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ አያጥርዎትም? መነጽርዎስ ጠራ? እኔ ባልኖር እርስዎ ይኑሩልኝ፣ ሳንባዎ እንደ አዲስ ከበሮ ይወጠርልኝ፣ ሳል የሚባል ነገር በደጅዎ ሲያልፍ እንኳ ጫማውን አውልቆ በጣቱ ጫፍ ይለፍ። እኔ ከመንጋጋዬ በቀር ደህና ነኝ። መንጋጋዬ በሻሽ ከአናቴ ጋር ታስሯል፣ የምበላውም የምጠጣውም በቀጭን ቱቦ ነው፣ መናገር ስለማልችል ነው የምጽፈው። ብችል ኖሮ ደጅዎ መጥቼ በአፌ እነግርዎት ነበር፣ ግን በአፌ ስነግርዎት ምን እንደመጣብኝ እርስዎም አይረሱትም።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ ነጠላ ሰረዝና አራት ነጥብ የት እንደሚገባ አላውቅም፣ ትንፋሼ ባለቀበት ቦታ አስቀምጣለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት ደሞ እርስዎን ለማዋረድ እንዳይመስልዎት። የታሸገ ደብዳቤ ልኬ ነበር፣ ጸሐፊዎ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" ብላ መለሰችው፣ ስብሰባው እስኪያልቅ ብጠብቅ መንጋጋዬ ይገጥም ነበር። ሌላው ምክንያት ግንቡ ነው። ግንቡ ማለት የምሠራበት መስፊያ ቤት ዘበኛ ነው፣ ቁመቱና ወርዱ አንድ ስለሆነ ነው ግንቡ የምንለው፣ አሁን ይሄን ስጽፍ በመስኮታችን ፊት ለፊት ሱቁ ጥግ ቆሞ በክብሪት እንጨት ጥርሱን እየጎረጎረ ነው። ሰው ሁሉ ይሄን ካነበበ በኋላ አንድ ነገር ብሆን "ከደረጃ ወድቃ ነው" ለማለት ትንሽ ይከብደዋል ብዬ ነው። አፍ ዳገት አይፈራም ይላሉ። የእኔ አፍ ግን ይፈራል፣ እየፈራ ነው የሚጽፈው፣ ፊደሌ ቢጣመም እንዳይታዘቡኝ።

ምናልባት ማን እንደሆንኩ ጠፍቶዎት ይሆናል፣ ያን ዕለት ክፍሏ ጨለማ ነበረች፣ ፊቴም ግማሹ ተሸፍኖ ነበር። እኔ የማስክ መስፊያው ቤት አፍ ነኝ። እርስዎ በወረቀት ላይ "የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ" የሚሉትን እኛ ማስክ ነው የምንለው፣ ያንን ሁሉ ስም ጠርተን እስክንጨርስ ሰው ያስነጥስብናል።

አፍ የሆንኩት ተምሬ አይደለም፣ ሲፈጥረኝ ስናገር እረጫለሁ። ልጅ ሆኜ ታላቅ እህቴን እታለምን፣ እናታችን ካረፈች ወዲህ እናቴም እሷ ናት፣ አንድ ነገር ላጫውትሽ ስላት "ቆይ ጃንጥላዬን ላምጣ" ትለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ከፊት ወንበር ተቀምጬ መልስ ስመልስ አስተማሪው ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ ወደ ኋላ ሰደደኝ፣ ከኋላ ደሞ ሰሌዳው አይታየኝም፣ ሳይታየኝ ሳይታየኝ ቀረሁ። የሰፈር ስሜ ዝናቤ ነው።

መስፊያው ቤት የገባሁት ጆሮ ላይ የሚንጠለጠለውን ላስቲክ ለመስፋት ነው። እጄ አያምንም፣ ሌሎቹ በመኪና አንዴ ሄደው ተመልሰው ሲለቁት እኔ በላዩ መስቀለኛ እደግምበታለሁ፣ የእኔ ስፌት ከሺ ማስክ መሃል ይለያል። ታዲያ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ሳይፈተሽ የሚወጣ ማስክ እንዳይኖር ብሎ ሲያዝ ባለቤቱ ጨርቅ ማስቀመጫ የነበረችውን መስኮት የሌላትን ክፍል አስለቀቀ። ባለቤቱን መቀስ ነው የምንለው፣ የቆራጮቹ ትልቁ መቀስ ከእጁ አይለይም፣ ሲያወራ ጠረጴዛውን ይመታበታል፣ ሲናደድ ደሞ ጠረጴዛ ይሁን ሰው አይመርጥም። መብራቱን የሠራው የስፌት መኪና የሚጠግነው ሽማግሌ ነው፣ ጋሼ ባለመብራት የተባለው ከዚያ ወዲህ ነው። ግድግዳውን በጥቁር ጨርቅ ሸፈነ፣ ኃይለኛ አምፖል በካርቶን ከደነና ካርቶኑን በምላጭ ሰነጠቀው፣ በስንጥቁ የሚወጣው ብርሃን እንደ ቢላ ስለት ቀጭን ነው። ሰው ከስለቱ አጠገብ ቆሞ ሲናገር ከአፉ የሚወጣው ፍንጣቂ ሁሉ ያበራል፣ ሌላው ጨለማ ነው፣ ፍንጣቂው ብቻ ነው እንደ ብየዳ ብልጭታ የሚታየው። ማስክ አድርጎ ሲናገር ብልጭታው ከጠፋ ማስኩ ማስክ ነው፣ ካልጠፋ ወንፊት ነው። ይሄው ነው ፍተሻው፣ ሕፃን የሚገባው ነገር ነው፣ ለዚህ ነው እርስዎም ቶሎ የገባዎት።

መጀመሪያ ሴቶቹን ሁሉ ያለ ማስክ አናገሯቸው፣ የብዙዎቹ አፍ ዝናብ እንደሌለው ደመና ነው፣ እዚህም እዚያም ጭል ይልና ይጠፋል። ተራዬ ደርሶ እኔ ገና እንደምን አደራችሁ ስል ክፍሏ በርችት ተሞላች። ጋሼ ባለመብራት ከነወንበሩ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ "ይቺን አፍ ያስቆመ ማስክ ጎርፍ ያስቆማል" አለ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ መቀስ ሳይቀር ሳቀ። እኔ አፈርኩም ደስም አለኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ፊቱን የጠረገው ምራቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈለገ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጋሼ "ዝናቤ፣ ዛሬ ክረምት ነሽ በጋ?" ይለኛል፣ እኔ አንድ ጣሳ ውሃ ግጥም አደርግና "ክረምት" እለዋለሁ፣ ማስኩን አድርጌ እሱ ራሱ የፈጠረልኝን እላለሁ፦ ፍልፈል አፈር ፈልፍሎ አፈር ላይ ፎከረ። እስቲ እጅዎን አፍዎ ፊት ለፊት አድርገው ይበሉት፣ ነፋሱ ይሰማዎታል። ያኔ ማስኩ ሦስት ድርብ ነበር፣ ፍልፈሉን ቀጥ ነው የሚያደርገው፣ ጨለማው ጨለማ እንደሆነ ይቀራል። እኔ ጨለማው ሲቀር ነው ደስ የሚለኝ፣ ምክንያቱም እታለም ሆስፒታል ውስጥ ጽዳት ናት፣ ያውም የሳል በሽተኞች የሚተኙበት ክፍል፣ ማስካችን ደሞ የሚሄደው እዚያው ነው። እታለም ካርቶኑን ስትከፍት መስቀለኛዬን ፈልጋ ታወጣና "ይሄ የእህቴ እጅ ነው" እያለች ለበሽተኛው ሁሉ ታሳያለች አሉ፣ አልጋ የያዘ ሰው እንኳ ቀና ብሎ ያያል አሉ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ፣ ትልቅ ሰው ፊት ዝርክርክ እንዳልል በቁጥር ነው ያደረግሁት።

አንደኛ። ድንገት ከች ሳይሉብን መምጫዎን ቀድመው ስላስነገሩ ከልቤ አመሰግናለሁ። ሳይነገር የመጣ እንግዳ ቤቱን ዝርክርኩ እንደወጣ ነው የሚያየው። እርስዎ ባያስነግሩ ኖሮ መቀስ የመሃሉን ድርብ፣ ያንን ነጭ ድፍኑን ጨርቅ፣ እንዳወጣው ያዩበት ነበር፣ አሳቢ ሰው ስለሆኑ ጊዜ ሰጡት። ድርቡ የወጣ ቀን እኔ ፍልፈሏን ስል ጨለማው ተበሳ። መቀስ ቀስ ብለሽ በይው አለኝ፣ ቀስ አልኩ፣ አበራ። ሹክ በይው አለኝ፣ ሹክ አልኩ፣ አበራ። አፍሽን ዘግተሽ በይው ሲለኝ ጊዜ ጋሼ ባለመብራት ሳቀ፣ በዚያች ሳቅ ነው ሁሉ ነገር የመጣው። መቀስ የጋሼን አንጓ ይዞ መዳፉን የጋለው አምፖል ላይ ለጠፈው፣ ግንቡ ከኋላ ጋሼን አቅፎ ያዘው፣ ጋሼ አልጮኸም፣ ሥጋው ነው የጮኸው፣ ስብ መጥበሻ ላይ ሲወድቅ እንደሚለው አለ። ሽታው ከጥቁሩ ጨርቅ አልለቀቀም። እርስዎ በመጡ ቀን አፍንጫዎን ይዘው ምንድነው የሚሸተው ያሉት እሱ ነው፣ መቀስ መኪና ግሎ ነው ያለዎት።

ለእኔ የመቀሱ እጀታ ነው የደረሰኝ። ከንፈሬ ላይ አሳረፈውና "አፍሽ የእኔ ዕቃ ነው፣ እኔ ባልኩት ቀን ይደርቃል" አለኝ፣ ሲለኝ ደሞ በቁጣ አይደለም፣ መኪና ዘይት ያስፈልገዋል እንደሚል ሰው ነው። የፊት ጥርሴ ተነቃነቀ፣ በምላሴ እየገፋሁት ቤት ገባሁ።

እታለም ከንፈሬን በጨው ውሃ እያጠበች ሁሉንም ነገርኳት፣ ማስኩ ወንፊት ነው፣ እንዳታምኚው አልኳት። እሷ ደሞ እኔን ላለማስጨነቅ ነው እንጂ መች ጠፋት፣ "ተይ አንቺ፣ ከባዶ ፊት ይሻላል" አለችኝ። በነጋታው ግን ሁለት ደርባ አድርጋ ገባች። የጽዳት አለቃዋ አንዱ የሌላ ሰው ነው ብላ ከፊቷ ላይ መንጭቃ ስትወስደው ላስቲኩ ጆሮዋን ከሥሩ ሰነጠቀው። የእኔ መስቀለኛ እኮ አይበጠስም ጌታዬ። ጆሮዋ ነው የተበጠሰው። ደሟ በአንገቷ ወርዶ የሥራ ካፖርቷ ኮሌታ ላይ ደርቆ ነው የመጣችው፣ ስፌቴ እርግማን እንደሆነ ያኔ አየሁ፣ ባላጠብቀው ኖሮ ክሩ ይቀድም ነበር።

ሁለተኛ። ስለ ጥማቴ። ይሄ እንኳ የእርስዎ እጅ የለበትም፣ ግን ለእርስዎ ክብር የተደረገ ስለሆነ ማመስገን ያለብኝ እርስዎን ነው። እርስዎ የሚመጡ ዕለት ገና ስገባ ግንቡ ቧንቧው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፣ ጣሳዬን ወስዶ በጫማው ጨፈለቃት። ምላሴ ላንቃዬ ላይ እስኪጣበቅ አሠሩኝ፣ ካውያ ቤት አስገብተው እንፋሎቱ አጠገብ አስቀመጡኝ። ከዚያ መቀስ ጥጥ ጠቅልሎ በሁለቱ ጉንጮቼና በምላሴ ሥር ጠቀጠቀ፣ በጣቱ ሳይሆን በመቀሱ ጫፍ ነው የጠቀጠቀው፣ ስለቱ ድዴን ሲነካኝ ዓይኔን ጨፍኜ እታለምን በልቤ ጠራሁ። ጨርሶ ሲያበቃ የጋሼን ቀልድ ሰርቆ "ዝናቤ፣ ዛሬ በጋ ነሽ" አለኝ። እንግዳው ሲገቡ እንኳን ደህና መጡልን ብቻ ነው የምትይው፣ እሱንም እንደ ሙሽራ ቀስ ብለሽ። ፍልፈሏን ከጠራሽ ጉድጓዷ ውስጥ እከትሻለሁ። ይሄን ያለው ግንቡ ማጅራቴን በአንድ እጁ ይዞ ሳለ ነው፣ አንድ እጁ አንገቴን ዞሮ ይገጥማል።

ሦስተኛ። ቀርበው ስለተቀመጡ። ሌላ ኃላፊ ቢሆን ከበር ቆሞ አይቶ ይሄድ ነበር፣ እርስዎ ግን ወንበር ስበው ከብርሃኑ ስለት አጠገብ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። አፍዎ ላይ ያ ድርቅ ያለው የዳክዬ ምንቃር የሚመስለው ማስክ ነበር፣ አፍንጫዎ ጋ ሽቦ ያለው፣ የእኛ ቤት ሥራ እንዳልሆነ ላስቲክ የምሰፋ ሰው ስለሆንኩ ገና ሲገቡ ነው ያወቅሁት። ጋሼ በደህናው እጁ መብራቱን አበራ፣ የታመመውን በኪሱ ከቶ ነበር። እንኳን ደህና መጡልን አልኩ። ምንም አላበራም። ጥጥ የተጠቀጠቀ አፍ፣ ውሃ ያላየ ምላስ፣ ምን ያበራል? እርስዎ አጨበጨቡ፣ ግሩም ነው፣ ግሩም ነው አሉ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፉ፣ እስክሪብቶዎን ከደረት ኪስዎ ሲያወጡ አየሁ።

እግዜር ያሳይዎት፣ ጀግና ሆኜ አይደለም። ሽንቴ ሊያመልጠኝ ነበር። ግን ያቺ እስክሪብቶ ስትወጣ በዓይኔ የመጣችብኝ እታለም ናት፣ የተሰነጠቀ ጆሮዋን በፕላስተር ለጥፋ ባልዲዋን ይዛ ከአልጋ አልጋ ስትሄድ፣ አንዱ በዚህ ሲስልባት አንዱ በዚያ ሲስልባት፣ እሷ ደሞ ይሄ የእህቴ እጅ ነው እያለች ስትኮራ። እጄን በማስኩ ሥር ሰድጄ ጥጡን ጎትቼ መሬት ጣልኩት። ልናገር ስል አፌ ወረቀት ነው፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። ስለዚህ የጉንጬን ውስጥ ነከስኩት። አንዴ ነከስኩት አልደማም፣ ሁለተኛ እንደ ሥጋ ዘነጠልኩት፣ አፌ ሞቅ ብሎ ሞላልኝ። ከዚያ ባለኝ ትንፋሽ ሁሉ፣ ፍልፈል አፈር ፈልፍሎ አፈር ላይ ፎከረ።

ብልጭታ ሁሌ ነጭ ነበር የማውቀው። ያን ዕለት ቀይ ነው። በእርስዎ ማህተም ሊወጣ በነበረው ማስክ አልፎ፣ በብርሃኑ ስለት ላይ እንደ ፍም ተበትኖ፣ ሁላችንም እያየነው ሄዶ መነጽርዎ ላይ አረፈ። አንዱ የሸሚዝዎ ኮሌታ ላይም ነበር፣ እሱን ግን ማንም አልነገረዎትም መሰለኝ። ለትንሽ ጊዜ ያህል ሥራዬ ያለቀ መስሎኝ ነበር፣ አዩታ፣ በገዛ ዓይናቸው፣ ያውም በገዛ መነጽራቸው ላይ አዩት፣ ከዚህ በላይ ምን ፍተሻ አለ አልኩ በሆዴ። የዋህነቴን አያዩልኝም?

አራተኛ። ለውሃው። እርስዎ መነጽርዎን አውልቀው መሐረብ ሲፈልጉ ግንቡ መንጋጋዬን በቡጢ አገኘው። ድምፁን ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ነው የሰማሁት፣ ደረቅ ሳጥን ሲሰበር ነው የሚመስለው። ወደቅሁ። መሬት ላይ ሳለሁ ደገመኝ፣ መቀስ ደሞ በጫማው ሆዴንና ጎኔን አገኘኝ፣ ቀባሪ የሌለሽ፣ ቤቴን ልታፈርሽ፣ እያለ። አንድ ነገር ልንገርዎት፣ መብራቱ አልጠፋም ነበርና ከታች ሆኜ ወደ ላይ ሳይ መቀስ ሲሳደብ ከአፉ የሚወጣው ሁሉ እያበራ ነው። እሱም ይረጫል ለካ። የተሰበረ መንጋጋ ይዤ ልስቅ ነበር፣ ልስቅ ስል ነው ነፍሴን የሳትኩት። ከመሳቴ በፊት ግን የእርስዎን ድምፅ በምንቃሩ ውስጥ ሰማሁ፦ "ልጅቷ ደክሟታል፣ ውሃ ስጧት።" እንዴት ያለ ርኅራኄ ነው። ያን ቀን ሙሉ ውሃ ያለኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ማንም አልሰጠኝም እንጂ ቃልዎ ለራሱ ውሃ ነው።

አምስተኛ። ስላልረገጡኝ። ስነቃ በሩ ላይ ተጋድሜ መውጫውን ዘግቻለሁ፣ እርስዎ ደሞ መውጣት ነበረብዎት። የሱሪዎን እግር ትንሽ ሰብሰብ አድርገው አንድ እግርዎን አሻገሩ፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ የጫማዎን ተረከዝ አየሁት፣ አዲስ ነው፣ ይመችዎት። እጄ እዚያው ተዘርግቶ ነበር፣ ቢረግጡት ማንም አይፈርድብዎትም ነበር። አልረገጡትም። ወጥተው ካውያው ጠረጴዛ ላይ ደገፍ ብለው ፈረሙ፣ የእስክሪብቶውን ጭረት ሰምቻለሁ፣ ማህተሙንም ሰምቻለሁ፣ እንደ ግንቡ ቡጢ ነው የሚያሰማው፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

መሐረብዎን ባለቤትዎ ሲያጥቡት ምንድነው ይሄ ቀይ ብለው ከጠየቁዎት፣ የፍተሻው ውጤት ነው ይበሏቸው። እውነትዎን ነው። ከዚያ ቤት የወጣ ትክክለኛ ውጤት እሱ ብቻ ነው።

ስድስተኛ ይሁን ሰባተኛ ጠፋብኝ፣ በእኔ ቤት በቁጥር ልሄድ ነበር፣ ፍርሃት ቁጥር አያስይዝም። ጋሼ ባለመብራት በደህናው እጁና በክርኑ ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሰኝ። የተኛሁት እታለም ከምታጸዳው ክፍል ጎን ነው፣ አሁን ቤት ገብቻለሁ። ማስኮቹ ከእኔ ቀድመው ነው ሆስፒታል የደረሱት፣ ማህተምዎ ያለባቸው ካርቶኖች በረንዳው ላይ እስከ ጣራ ተደርድረው አየኋቸው፣ ለበሽተኛውም ለጽዳቱም ከዚያ ነው የሚሰጠው።

እታለም ትስላለች። መናገር የፈለግሁት ይሄን ነበር፣ ዙሪያውን ስዞር ቆየሁ። ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ትራስ አፏ ላይ አድርጋ ነው የምትስለው፣ እኔ እንዳልሰማት። አቧራ ነው ትለኛለች። እኔ ደሞ መንጋጋዬ ስለታሰረ አፍጥጬ አያታለሁ፣ እሷ ደሞ ስታየኝ ቀና ብላ "ምን ታፈጥጫለሽ፣ ዝናቤ፣ ዛሬ ደሞ አባርተሽ ቀረሽ" ትላለች። ታሾፋለች ገና። ሐኪሞቹ ምርመራው እስኪመጣ ሥራዋን ትቀጥል ብለዋታል፣ ማስክ ስላላት ችግር የለውም ተብላለች። የትኛው ማስክ እንደሆነ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።

ግንቡ ትናንት ደጃችን ድረስ መጥቶ ነበር። ለዝናቤ ንገሪያት፣ ሁለተኛ ስለ ማስክ ትንፍሽ ካለች የቀሩትን ጥርሶች በመዳፏ ነው የምትይዛቸው አላት። እታለም የወለል መጥረጊያውን እንጨት አንስታ ትከሻው ላይ አሳረፈችው፣ ጽዳት ናት፣ ቆሻሻ ስታይ እጇ ዝም አይልም። እሱ ደሞ አልመታትም፣ ያ ነው ያስፈራኝ። እንጨቱን ከእጇ ወሰደው፣ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰበረው፣ ሁለቱን ቁራጭ በአክብሮት መልሶ ሰጣት፣ "ሁለት አደረግሁልሽ" አላት፣ ከዚያ ሱቁ ጥግ ሄዶ ቆመ። እስካሁን እዚያው ነው። ሱቁ ራሱ እሱን አልፎ የሚገዛ ሰው ስላጣ ዛሬ ቶሎ ዘግቷል።

ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ ይሉኝ ይሆናል። መንጋጋዬን አይደለም፣ መንጋጋ ይገጥማል። ጥርሴንም አይደለም። ጋሼም መዳፉን አልጠየቀም፣ እሱ ሽማግሌ ስለሆነ ነገር ይተዋል፣ እኔ ነኝ ልጅ ሆኜ የማልተወው። የምለምንዎት ፊርማዎን እንዲያነሱት ነው። ካርቶኖቹ ከሆስፒታሉ በረንዳ ይነሱ፣ የመሃሉ ነጭ ጨርቅ ወደ ቦታው ይመለስ፣ እታለም ሦስት ድርብ አድርጋ ትግባ፣ ያ ክፍል ውስጥ የተኙት ሰዎችም እርስ በርሳቸው አይጨራረሱ። አንዲት መስመር ናት። ሲፈርሙ የፈጀብዎትን ያህል እንኳ አይፈጅብዎትም፣ ማንንም መሻገር የለብዎትም።

ይሄን ሁሉ ያልኩት በትሕትና ነው። ዓይኔን ከመሬት ሳላነሳ፣ በሻሽ የታሰረ አገጬን ወደ ደረቴ አስጠግቼ፣ ቢሮዎ በር ላይ ጫማ ሲያልፍ እንደምትሸሽ ድመት እየራድኩ፣ ለመነጽርዎ ጥራትን፣ ለመሐረብዎ ጥሩ ሳሙናን፣ ለሳንባዎ ከእህቴ ሳንባ የተረፈውን ዕድሜ ሁሉ እየተመኘሁ እሰናበታለሁ።

ከአፎች ሁሉ የታችኛዋ፣ ውሃ ያዘዙላት፣ ረግጠው ያላለፏት፣
የቀድሞዋ የፍተሻ አፍ።

የዘነጋሁት፦ ፊርማዎን ማንሳት ከከበደዎት አንድ ሌላ መንገድ አለኝ፣ እርስዎንም አያደክምም። ሻሹ ሲፈታልኝ ቢሮዎ እንመጣለን፣ እኔና እታለም። መስኮቱ ይዘጋል፣ ጋሼ በደህናው እጁ መብራቱን ይይዛል፣ እታለም ማህተምዎ ካለበት ካርቶን አንድ ማስክ አውጥታ ታደርጋለች፣ እርስዎ ወንበርዎን እንደዚያን ዕለት አስጠግተው ይቀመጣሉ፣ ያንን ምንቃር ብቻ ያወልቁታል። እሷ ፍልፈሏን አታውቃትም፣ ትስልልዎታለች። ከፊርማዎ ጋር የሚስማማ ከሆነ ምንም አይነካዎትም፣ ምን ያስፈራዎታል? ስለ ውሃው ደሞ ለማንም ትእዛዝ እንዳይሰጡ፣ ጠጥተን ነው የምንመጣው።